ቅዳሜ የማሊዎቹን ባልና ሚስት እናዳምጣለን

ሰላም ጤና ይስጥልን አባላት፣

ቅዳሜ 10 ሰዓት ላይ እዚያው በተለመደው ቤት እንገናኝ። የዚህ ሳምንት ተረኞች የማሊዎቹ ዘፋኝ ባልና ሚስት አማዱና ማሪያም ናቸው። ጊታር የናፈቃችሁ አትቅሩ።

ሁለቱም ዓይነ ስውራን ናቸው። ማሪያም ዱምቢያ ገና በ5 ዓመቷ ኩፍኝ ዓይኗን ነሳት። አማዱ ባጋዮኮ ደግሞ በዓይን ሞራ ምክንያት በጉርምስናው ማየት አቆመ። የተዋወቁት በማሊ ዋና ከተማ ባማኮ ባለው የዓይነ ስውራን ወጣቶች ተቋም ነው። በ1980 ተጋቡ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)።

እኔ ነፍሴ የሚወደው የአቢጃን ዘመናቸውን ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ ወደ ኮትዲቯር ሄደው ካሴት ማሳተም ጀመሩ። ባንድ የለ፣ ግርግር የለ። አንድ ጊታር፣ ሁለት ድምፅ፣ በቃ! እሱ ክሩን እየመታ ይጀምራል፤ እሷ ሳትጮህ ትገባለች። ባል ማሲንቆውን ይዞ ሚስት የምታዜምባቸው የኛዎቹ አዝማሪዎች ትዝ ይሏችኋል።

ዓለም በደንብ ያወቃቸው ግን ፈረንሳዊው ሙዚቀኛ ማኑ ቻዎ ፕሮዲውስ ባደረገው «ዲማንሽ አ ባማኮ» አልበም ነው፤ በ2004 ወጣ። አሪፍ ነው፣ ግን የሰውዬው እጅ በዝቶበታል ባይ ነኝ። ስንገናኝ እንከራከርበታለን። አማዱ በ2025 በ70 ዓመቱ አርፏል።

መብራት አይታመንምና ስፒከሩን ቻርጅ አድርጌ እመጣለሁ። ቡናው ከሕርማታ የምትመጣው እህታችን ላይ ነው። ቆሎ ግን የናንተ ድርሻ ነው፤ ባለፈው ሁላችሁም ባዶ እጃችሁን ነው የመጣችሁት።