ስለ አሲስታንትሺፕ ጻፉልን

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

ከአራት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ ባሉት ካፌዎች አሜሪካ ሄዶ ማስተርስ ለመማር የሚያመለክት ወጣት አይጠፋም። ወሬው ሁሉ ስለ መግባት ነው። ክፍያው የሚታሰበው ደብዳቤው ከመጣ በኋላ ነው፣ ያኔ ደግሞ ረፍዷል። ዩኒቨርሲቲው ለተማሪ ቪዛ የሚያስፈልገውን አይ-20 የሚባለውን ወረቀት የሚሰጠው ቢያንስ የመጀመሪያውን ዓመት የትምህርትና የኑሮ ወጪ የሚሸፍን ገንዘብ መኖሩን ሲያረጋግጥ ስለሆነ፣ እዚህ ቤተሰብ ብድር ፍለጋ ይሯሯጣል። ያሳዝናል።

እባካችሁ ስለ አሲስታንትሺፕ በደንብ ጻፉ። ተማሪው በማስተማር ወይም በምርምር ሥራ ያግዛል፣ ብዙውን ጊዜ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት፤ በምላሹ የትምህርት ክፍያው በሙሉ ወይም በከፊል ይነሳለታል፣ ለኑሮ የሚሆን ገንዘብም ይከፈለዋል። ዕድሉ ፒኤችዲ ላይ ሰፊ ነው፣ ማስተርስ ላይ ግን ያንሳል፤ ይህን ለልጆቹ የሚነግራቸው የለም። ክፍያው ተነሳ ማለትም ሁሉም አለቀ ማለት አይደለም። የጤና መድን ክፍያ በተማሪው ላይ ሊቀር ይችላል፣ ሴቪስ ለሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ተማሪዎች መመዝገቢያ ብቻ 350 ዶላር ይከፈላል።

ከማመልከታቸው በፊት የትምህርት ክፍሉን በኢሜይል ይጠይቁ። የማመልከቻው ክፍያ እንዲነሳላቸው መጠየቅም ነውር የለውም፣ የሚፈቅዱ አሉ። የብዙዎቹ ቀነ ገደብ ታኅሣሥ አካባቢ ስለሆነ ጽሑፉ መስከረም ላይ ቢወጣ ለዘንድሮ አመልካቾች ይደርስላቸዋል።

አንባቢያችሁ፣ ከፒያሳ