ፕላይውዱ ከመለጠፉ በፊት ውሃው የሚገባበት ይፈለግ

ለዝግጅት ክፍሉ፣

በዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው በአናጺነት የምተዳደር ሰው ነኝ። አብዛኛው ሥራዬ በሀገሬ ልጆች ቤት ነው። ብዙ ወገኖቻችን አሮጌ ቤት እየገዙ ስለሚያድሱ ይቺን ነገር ብታወጡልኝ ደስ ይለኛል።

በዲሲ ሰፈሮች በብሉሚንግዴልና በኮሎምቢያ ሃይትስ ብዙዎቹ የጡብ ቤቶች ፊት ለፊታቸው ቤይ ዊንዶው አላቸው። ከግድግዳው ወጣ ብሎ የተሠራው ባለ ሦስት ገጽ መስኮት ማለቴ ነው። ብርሃኑ ደስ ይላል። ግን በሦስት በኩል ዝናብና ብርድ ያገኘዋል። ውሃው ከላይ ወይም ከማዕዘኑ ሰርጎ ይገባና ከመስኮቱ ሥር ያለውን እንጨት ቀስ በቀስ ያበሰብሰዋል።

በቅርቡ አንዲት እናት አስጠሩኝ። «ልጄ፣ እዚህ ጋ ይሸተኛል» አሉኝ። ከዚያ በፊት የመጣው ሠራተኛ አዲስ ፕላይውድ ለጥፎ፣ ክፈፉን (በመስኮቱ ዙሪያ የሚመታውን ጠርዝ እንጨት) ገጥሞ፣ ነጭ ቀለም ቀብቶላቸው ሄዷል። ላየው ሰው ያምራል። ከመስኮቱ ሥር አንዱን ሰሌዳ ነቀልኩት። ጀርባው ጠቁሯል። ንብርብሩ ተላቆ እንደ አሮጌ መጽሐፍ ይገለጣል። ከኋላው ያለውን እንጨት በካቻቢቴ ስወጋው እስከ እጀታው ገባ። በጣም አናደደኝ። እኚህ ሴት ለአንድ ሥራ ሁለቴ ሊከፍሉ ነው።

እባካችሁ የድሮው ክፈፍ ከተነቀለና አቧራው ከተወለወለ በኋላ፣ እንጨቱ ሳይሸፈን እዩት። እንጨቱን በእጃችሁ ንኩት። ከረጠበ ሥራው ከውጭ ይጀመር፤ መጀመሪያ ውሃው የሚገባበት ይደፈን። በመስኮቱ ዙሪያ ያለው ክፍተትም ለመስኮትና ለበር ተብሎ በተሠራው፣ ብዙ በማያብጠው ፎም (ተረጭቶ የሚደርቅ አረፋ) ይሞላ። ሌላው አብጦ ፍሬሙን ይገፋና መስኮቱ አልከፈት ይላል። ፕላይውዱም ከሱቅ መጥቶ ወዲያው አይመታ። ሁለት ሦስት ቀን እዚያው ክፍል ውስጥ ይረፍ።

የሠራተኛውን ሙያ ደግሞ ከማዕዘኑ ታውቁታላችሁ። በአሮጌ ቤት 135 ዲግሪ የተባለ ማዕዘን ልክ 135 ሆኖ አይገኝም። መጋዙን 22.5 ዲግሪ ላይ አስሮ ሁሉንም በአንዴ የሚቆርጥ ሰው ክፍተቱን በኋላ በሲሊኮን ሊሞላው ነው። ቁርጥራጭ እንጨት ይዞ እየሞከረ፣ እያሳሳ የሚገጥመውን ግን አትልቀቁት።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ እርሳስ ነው፤ ሊድ የሚሉት። እርሳስ ያለበት የቤት ቀለም በአሜሪካ የተከለከለው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ከዚያ በፊት በተሠራ ቤት የመስኮቱ ክፈፍ ላይ ያለው የድሮ ቀለም እርሳስ ሊኖረው ይችላል። ክፈፉ ሲነቀል፣ በብርጭቆ ወረቀት ሲፈገፈግ አቧራው ወለል ላይ ይወርዳል። የሚድህ ሕፃን እጁን ወደ አፉ ይወስዳል። እርሳስ የልጅን አእምሮ ይጎዳል። እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ በእንዲህ ያለ ቤት ቀለሙን የሚነካ ሥራ በክፍያ የሚሠራ ድርጅት ከአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት (ኢፒኤ) የምስክር ወረቀት ሊኖረው ይገባል። ወረቀትህን አሳየኝ ማለት ነውር አይደለም። የሀገር ልጅ ነው ብላችሁ ይሉኝታ አይያዛችሁ። እኔንም ጠይቁኝ።

ሥራው እስኪያልቅ ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች ከክፍሉ ይራቁ። አቧራውን በደረቅ መጥረጊያ አትጥረጉት። በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል፣ ጨርቁም ይጣል።

አንድ አናጺ
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ