«የማይበላ ጎማ ስጠኝ» ለምትሉ ሞተረኞች

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። ሰሞኑን ያወጣችሁትን የአንድ የከሚሴ ሞተረኛ ደብዳቤ አነበብኩት። ወንድማችን ጎማ ሲገዛ የሚያየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሄድለት። ጠንካራውን ግዙ፣ ገንዘባችሁን አትበትኑ ብሎም መክሮናል። ምክሩ እሱ በሚነዳበት መንገድ ይሠራ ይሆናል። ሐረጎን፣ ማለትም ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን ቁልቁለት፣ ጠዋት ወርደን ማታ ለምንወጣው ግን አደገኛ ነው። መልስ ሳልሰጥ ማለፍ አልቻልኩም።

አካባቢውን ለማያውቅ አንባቢ ነገሩን ላስረዳ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ትወርዳለች። በሁለቱ መሃል ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፣ ቁልቁለቱም በኩርባ ላይ ኩርባ ነው። በክረምት ጠዋት ከደሴ ስትነሱ ጉም ነው፣ አስፋልቱ ርጥብ ነው፣ ጣት ይቆረጥማል። ኮምቦልቻ ስትገቡ ጃኬቱ ይከብዳችኋል። ያው አንድ ጎማ ብርዱንም፣ ውሃውንም፣ ሙቀቱንም አንድ ጠዋት ላይ መቻል አለበት።

ጎማ ሻጭ ጋ ቆማችሁ ብትሰሙ ግን ገዢው ሁሉ የሚጠይቀው «የማይበላ አለህ?» ብሎ ነው። የማይበላ ጎማ አለ። ችግሩ፣ አብዛኛውን ጊዜ የማይበላው መንገዱን ስለማይነክስ ነው። ላስቲክ አስፋልት የሚይዘው ለስለስ ብሎ በአስፋልቱ ሸካራ ገጽ ውስጥ እየገባ ነው። ጠንካራ ላስቲክ ብርድ ሲያገኘው ይብስ ይደርቃል፣ ውሃ ሲጨመርበት ደግሞ ይንሸራተታል። ለስላሳው በተቃራኒው ይይዛል፣ ግን ቶሎ ያልቃል። ፋብሪካዎቹ ስንት ዓመት ሲታገሉ የኖሩት ከዚህ ጋር ነው።

መፍትሔ የሚመስለውን ያመጡት ስፖርት ቱሪንግ በሚባሉት ጎማዎች ነው። እነዚህ ረጅም መንገድ ለሚሄድ፣ ግን ኩርባ ላይ ሞተሩን ማጋደም ለሚወድ ሰው የተሠሩ ናቸው። ሞተር ቀጥ ብሎ ሲሄድ መሬት የሚነካው የጎማው መሃል ነው፣ ሲጋደም ደግሞ ጎኑ። ስለዚህ መሃሉን ጠንከር ካለ ላስቲክ፣ ጎንና ጎኑን ለስለስ ካለ ላስቲክ ይሠሩታል። መሃሉ ዕድሜ ይሰጣል፣ ጎኑ ኩርባ ላይ ይይዛል። ሲሊካ የሚባል ነገርም በላስቲኩ ውስጥ ያበዙበታል፤ ይኼ በብርድና በውሃ ላይ ላስቲኩ እንዳይደርቅ የሚያደርገው ነው። ሚሽሊን ሮድ 6፣ ፒሬሊ ኤንጅል ጂቲ 2፣ ብሪጅስቶን ቲ32፣ ደንሎፕ ሮድስማርት 4፣ ሜትዝለር ሮድቴክ 01 ሁሉም የዚህ ቤተሰብ ናቸው። ከአዲስ አበባ ተነስቶ ጣርማበርን በጉም አቋርጦ፣ ሸዋ ሮቢት ላይ በሙቀት ተቀቅሎ፣ ማታ ደሴ ለሚገባ ባለ ትልቅ ሞተር ከዚህ የተሻለ ምርጫ አይታየኝም። የውድድር ጎማ አስገጥሞ የሚመጣ ካለ ለፎቶ ነው። እንዲህ ዓይነት ጎማ እስኪሞቅ ድረስ አይይዝም፣ ጣርማበር ላይ ደግሞ ምኑ ይሞቃል?

እሺ፣ እኛ አብዛኞቻችን ያለን ቦክሰር፣ አፓቼ ወይም ፑልሳር ነው። 120/70-17 እና 180/55-17 የሚባለው የትልቁ ሞተር ልክ ለእኛ አይገባም። ሐሳቡ ግን ያው ነው። ለእኛ ልክ ከሚመጡት የህንድ ጎማዎችም መሃል ለስለስ ያለ፣ ለአስፋልት የተሠራ አለ፤ ድንጋይ የሆነም አለ። በጥፍራችሁ ጫን ብላችሁ ብቻ እንኳ ልዩነቱን ትገምታላችሁ። ሻጩን «የማይበላ» ከማለት «ዝናብ ላይ የሚይዝ የቱ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ግራ ይጋባል፣ ማንም ጠይቆት አያውቅማ።

ስለ ጥርስም አንድ ነገር ልበል፣ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ጥርሱ ትልልቅ የሆነ ጎማ የበለጠ ይይዛል ብሎ የሚያምን ስንት ሰው አለ! ጭቃ ላይ፣ ኮረት ላይ፣ ወደ ገጠር ወረዳ ለሚመላለስ ልክ ነው። አስፋልት ላይ ግን የሚይዘው ጥርሱ ሳይሆን ላስቲኩ ነው። በጥርሶቹ መሃል ያለው ቦይ ሥራው ውሃ ማስወጣት ነው። ትልልቅ ጥርስ ሲሆን መሬት የሚነካው ላስቲክ ያንሳል፣ ጥርሶቹም ኩርባ ላይ ይተጣጠፋሉ፣ ከዚያ በላይ ደግሞ አስፋልቱ ቶሎ ይልጣቸዋል። የደሴን ርጥብ ኮብልስቶን በእንዲህ ያለ ጎማ የወረደ ሰው የምለውን ያውቃል። ይኼ ማለት ግን ሊሾ ጎማ ይሻላል ማለት አይደለም፣ እንዳትይዙብኝ። ቦዩ ካለቀ ውሃው መውጫ የለውም፣ ጎማው ውሃው ላይ ይንሳፈፋል። በቦዩ ውስጥ የመበላት ምልክት የሆኑ ትንንሽ ጉብታዎች አሉ፤ ጥርሱ እነሱ ጋ ከደረሰ አበቃ፣ መቀየር ነው።

አሁን ወደ ፊት ጎማ። የኋላው ቶሎ ስለሚያልቅ ሰው ሁሉ የሚያስበው ስለ እሱ ነው፣ የፊቱ ግን ዓመት አልፎት እንኳ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ሐረጎን ስትወርዱ ፍሬን ስትይዙ ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ይሄዳል። የሚያቆማችሁም የሚያዞራችሁም የፊቱ ነው። የኋላ ጎማ ቢንሸራተት ብዙ ጊዜ ይመለሳል፣ የፊቱ ከሄደ ግን መሬት ላይ ናችሁ። ገንዘብ ካነሰ ከኋላው ቆጥቡ እንጂ ከፊቱ አትቆጥቡ። ከተቻለም ሁለቱ አንድ ዓይነት ይሁኑ፣ የፊቱ ድንጋይ የኋላው ሙጫ ሆኖ ኩርባ መግባት ሌላ ጣጣ ነው።

ቀጥሎ ዕድሜው። አዲስ ማለት ትናንት የተሠራ ማለት አይደለም። በጎማው ጎን ላይ ዶት (DOT) ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት ቁጥር አለ። 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር። እኔ በዚሁ በደሴ ከአንድ ሱቅ «ትናንት የገባ» ተብዬ የቀረበልኝን ጎማ ገልብጬ ሳየው ሰባት ዓመት አልፎታል። ሻጩ ሳቀ። «ጥርሱን እየው እንጂ ቁጥሩ ምን ያደርግልሃል?» አለኝ። ሱቁ በር ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመ ላስቲክ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ውስጡ ደርቋል፣ ጎኑን ጠምዘዝ ስታደርጉት ቀጫጭን ስንጥቅ ታያላችሁ። እንደ ሚሽሊን ያሉ አምራቾች አምስት ዓመት ከሠራ በኋላ በየዓመቱ በባለሙያ ይታይ፣ ከተመረተ አሥር ዓመት ከሞላው ጥርስ ቢኖረውም ይጣል ይላሉ። ቁጥሩን ሳታዩ ገንዘብ አታውጡ። ቁጥሩ የተፋቀ ከሆነ ደግሞ ትታችሁት ሂዱ።

ከቁጥሮቹ ሌላም የሚጠቅም አለ። ለምሳሌ 57P ካለ፣ 57ቱ 230 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው፣ ፒው ደግሞ እስከ 150 ኪሎ ሜትር በሰዓት። ሞተሩ ላይ ሦስት ሰውና አንድ ኩንታል ጤፍ ለሚጭነው ወንድማችን ይቺ ቁጥር ትድረሰው።

ንፋስ ደግሞ ሳይነሳ አይታለፍም። ጎሚስታ ጋ ሄዳችሁ በእግሩ ረገጥ አድርጎ «ይበቃል» የሚላችሁ ከሆነ ሌላ ጎሚስታ ፈልጉ። ካነሰ ጎኑ እየተጣጠፈ ይግላል፣ ጎንና ጎኑ ይበላል። ከበዛ መሃሉ ብቻ መሬት ይነካል፣ መያዙም ይቀንሳል፣ መሃሉም ቶሎ ያልቃል። ስንት መሆን እንዳለበት የሞተሩ መመሪያ ላይ ወይም በሰንሰለቱ አካባቢ በተለጠፈው ወረቀት ላይ አለ። አንዳንዱ ደሴ የሞላሁት ኮምቦልቻ ስደርስ ሙቀቱ ያፈነዳዋል ብሎ ያስተነፍሰዋል። ኧረ ተዉ! አየሩ ሲሞቅ የጎማው ግፊት በእርግጥ ይጨምራል፣ በአምስት ዲግሪ ወደ አንድ ፒ ኤስ አይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ገደማ። ግን ወደ ቆላ ስትወርዱ የውጭው አየር ግፊትም ስለሚጨምር መለኪያው የሚያሳየው በዚያው መጠን ዝቅ ይላል። በደሴና በኮምቦልቻ መሃል ሁለቱ ሊካካሱ ምንም አይቀራቸው። ጠዋት ሳትነዱት፣ ጎማው ቀዝቃዛ እያለ ለኩት፣ በቃ።

አዲስ ጎማ ያስገጠመ ሰው ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ከ100 እስከ 150 ኪሎ ሜትር ቀስ ይበል። ላዩ ከፋብሪካ ሲወጣ ልሙጥ ነው፣ እስኪፋቅ ያንሸራትታል።

ሁሉንም ብታሟሉ ናፍጣ ላይ የሚይዝ ጎማ ግን አልተሠራም። ከሚሌ በባቲ አድርገው ወደ ኮምቦልቻ የሚገቡት ከባድ መኪኖች ኩርባ ላይ ከሞላ ታንከር ያፈሱታል፤ ከበጋ በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ደግሞ አስፋልቱ ውስጥ የተጠራቀመው ዘይት ሁሉ ላይ ይወጣል። ያን ቀን ዝናቡ ሲጀምር ሻይ ቤት ገብታችሁ ጠብቁ፣ መንገዱ እስኪታጠብ።

አስመጪዎችም ጋዜጣችሁን የሚያነቡ ከሆነ፣ በእኛ በትንሹ ልክ መሃሉ ጠንካራ ጎኑ ለስላሳ የሆነ ጎማ አምጡልን። ገዢ አለ። አሁን የሚመጣው በዋጋ ርካሽነቱ ብቻ የተመረጠ ይመስላል።

ለከሚሴው ወንድሜ፦ ከከሚሴ ሐርቡ ሜዳ ሜዳውን የምትነዳ ከሆነ ጠንካራ ጎማህን ይዘህ ቀጥል፣ አብሽር። ብቻ ቀጥታ መንገድ መሃሉን ጠፍጣፋ እያደረገ ይበላዋልና አልፎ አልፎ በእጅህ ዳሰው፤ ጠርዝ ካወጣ ኩርባ ላይ በድንገት ይጥልሃል። በነሐሴ ወደ ደሴ የምትወጣ ከሆነ ደግሞ ወይ ጎማ ቀይር፣ ወይ በሚኒባስ ና።

አንድ ሞተረኛ አንባቢያችሁ
ከደሴ