ሬይድ አለን ብላችሁ ባክአፕ አትተዉ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

እንደምን ከረማችሁ። ሰርቨር ጥገና ላይ ነው የምሠራው፣ ይሄን የምጽፈውም መሥሪያ ቤቶች በቀላሉ ሊድን የሚችል ዳታ ሲያጡ ማየት ስለሰለቸኝ ነው። ሰርቨር ሲገዛ ስፔሲፊኬሽኑ ላይ ሬይድ 5 (ዳታን ብዙ ዲስክ ላይ አከፋፍሎ አንዱ ቢሞት በሌሎቹ ሥራ እንዲቀጥል የሚያደርግ አሠራር) ተብሎ ይጻፋል፣ ከዛ በኋላ ለባክአፕ (ለብቻው ለሚቀመጥ የዳታ ቅጂ) በጀት ሲጠየቅ "ሬይድ አለን አይደል እንዴ" ይባላል። ሬይድ እኮ ዲስክ ሲበላሽ ሥራ እንዳይቆም ነው እንጂ ዳታን ከጥፋት ሁሉ ለማዳን አልተሠራም፣ ሰው በስህተት ፋይል ቢሰርዝ ወዲያው ከሁሉም ዲስክ ነው የሚሰረዘው፣ ራንሰምዌር (ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ) ቢገባም ያው ነው።

ደግሞ ሬይድ 5 የሚችለው የአንድ ዲስክ ሞት ብቻ ነው፣ ያ ሳይቀየር ሁለተኛው ከሞተ አለቀ። ዲስኮቹ ደግሞ አብረው ተገዝተው፣ በአንድ ቀን ተከፍተው፣ ያንኑ ሙቀትና ያንኑ የመብራት መቆራረጥ ያዩ ናቸው፣ አንዱ ሲደክም ሌሎቹም ሩቅ አይደሉም። በ2012 ዓ.ም. ሰርቨር አምራቹ ኤችፒኢ ራሱ ያስታወቀውን ብናይ፣ አንዳንድ ኤስኤስዲዎቹ (የሚሽከረከር አካል የሌላቸው ዲስኮች) በፈርምዌር (ዲስኩ ውስጥ ባለው ሶፍትዌር) ችግር ምክንያት ልክ 32,768 ሰዓት ሲሞላቸው፣ ማለት 3 ዓመት ከ270 ቀን ከ8 ሰዓት ላይ፣ ይሞቱ ነበር። አንድ ላይ የተከፈቱ ከሆኑ አንድ ላይ ነው የሚሄዱት፣ ፈርምዌሩ ካልታደሰ ሬይዱ ምንም አያደርግም።

እኛ ጋ የማየው ደግሞ እንዲህ ነው። የመጀመሪያው ዲስክ ሲሞት ሲስተሙ ስለሚሠራ ማንም አያውቅም፣ ዲስኩ ላይ ያለችው ብርቱካናማ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች፣ ሰርቨር ክፍሉ ግን ተቆልፏል፣ ማስጠንቀቂያ በኢሜይል እንዲልክም ማንም አላስተካከለው፣ እንዲህ እያለ ወራት ያልፋል። ሁለተኛው ሲሄድ ድንጋጤ ይሆናል፣ ዲስኩን መንቀል፣ መመለስ፣ ቦታ ማቀያየር፣ ከዛ ኮንትሮለሩ (ሬይዱን የሚመራው ካርድ) ፎሪን ኮንፊገሬሽን አለ፣ ማለት ዲስኮቹ ላይ የማላውቀው የሬይድ አደረጃጀት አገኘሁ ብሎ ሲጠይቅ ሳያነቡ ክሊር ብሎ አደረጃጀቱን ማጥፋት፣ ጭራሽ ኢኒሻላይዝ የሚያደርግም፣ ማለት እንደ አዲስ የሚያስጀምርም አለ! በጣም የሚያናድደኝ ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ እስከዛች ደቂቃ ድረስ ዳታው ይድን ነበር። እባካችሁ እንዲህ ሲገጥማችሁ ሰርቨሩን አጥፉት፣ እያንዳንዱ ዲስክ ላይ የነበረበትን ቦታ ቁጥር በፕላስተር ለጥፉ፣ መጀመሪያ የዲስኮቹ ሙሉ ቅጂ ይወሰድ፣ ማንኛውም ሙከራ ቅጂው ላይ ይሁን።

ባክአፕ ስል ደግሞ እዛው ራክ (የሰርቨር መደርደሪያ) ላይ ያለ ሌላ ዲስክ ማለቴ አይደለም። መስከረም 16 ቀን 2018 ዓ.ም. ደቡብ ኮሪያ ዴጆን ውስጥ ያለ የመንግሥት ዳታ ማዕከል ከባትሪ በተነሳ እሳት ሲቃጠል፣ የመንግሥት ሠራተኞች ሰነዳቸውን የሚያስቀምጡበት ጂ-ድራይቭ የሚባለው ሲስተም 858 ቴራባይት ይዞ ጠፋ፣ ሌላ ቦታ ቅጂ አልነበረውም። ኮሪያ ናት ይሄ የደረሰባት።

ስለዚህ የግዥ ኮሚቴዎች ሬይድ ብላችሁ ስትጽፉ ከሥሩ ከሕንፃው ውጪ የሚቀመጥ ባክአፕ ብላችሁ ጨምሩበት፣ በጀቱንም አብራችሁ ያዙ። ኃላፊዎች ደግሞ ባክአፕ አለ ሲሏችሁ ሪፖርት አትቀበሉ፣ ያለፈው ወር አንድ ፋይል እዚሁ ፊቴ መልሱልኝ በሉ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የአይቲ ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ