የድራማ ክበብ ዘገባ፦ አወዳደቅ የተማርንበት ዓመት

በመስከረም ለርዕሰ መምህሩ ያስገባሁት የ2017 ዓ.ም ዕቅድ ላይ «ሬስሊንግ» የሚል ቃል የለም። ሁለት አጫጭር ተውኔቶች፣ አንድ የግጥም ምሽትና ለወላጆች በዓል የሚቀርብ ዝግጅት ይላል፤ ማኅተምም አለበት። ከግጥም ምሽቱ በቀር ሁሉንም ሠርተናል። የግጥም ምሽቱ የቀረው በኔ ስንፍና ነው፤ ምክንያት አልደረድርም። የቀረው ዘገባዬ ግን ስለ ሬስሊንግ ነው፤ ዓመቱን የበላው እሱ ነውና።

ነገሩ የተጀመረው ኅዳር ውስጥ በአንድ ጥፊ ነው። የመጀመሪያው ተውኔታችን ላይ አባት ልጁን በጥፊ ይመታዋል፤ ልጁ ይወድቃል። ልጁን ሆኖ የሚጫወተው የ10ኛ ክፍል ተማሪ ጥሩ ድምፅ አለው፤ ቃለ ተውኔቱንም ከማንም ቀድሞ የያዘ ነው። መውደቅ ግን አልሆነለትም። ጥፊው ሳይደርስ ዞር ብሎ ወለሉን ያያል፣ ሱሪውን ሰብሰብ ያደርጋል፣ ከዚያ ጉልበቱን እንደሚያመው ሽማግሌ ቀስ ብሎ ይቀመጣል። አሥር ጊዜ ደገምነው። በአሥራ አንደኛው የክበቡ ጸሐፊ ከኋላ ወንበር ላይ ሆና «ቲቸር፣ እሱ ሬስሊንግ ማየት አለበት» አለች። ሁሉም ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። አንድ ሰው እንዲህ እንዲለኝ ዕድሜ ልኬን ስጠብቅ ነበር።

መናዘዝ አለብኝ፦ ያደግሁት ቪዲዮ ቤት ነው። ቅዳሜ ከሰዓት የሕንዱ ፊልም ካለቀ በኋላ፣ ካሴቱ ካልተበላ፣ ሬስሊንግ ይገባል። በሃምሳ ሳንቲም አግዳሚ ላይ ተጣበን እናያለን፤ ስንወጣ ክርክራችን ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «እውነት ነው» እና «ፊልም ነው»። በዚህ የተነሳ የተደባደቡ ጓደኞች አሉኝ፤ የነሱ ድብድብ እውነት ነበር። ለካ አሜሪካ ውስጥ መልሱ ቀድሞ ተሰጥቷል። እ.ኤ.አ. በ1989 የትልቁ የሬስሊንግ ድርጅት (ያኔ WWF፣ ዛሬ WWE የሚባለው) ሰዎች ከስፖርት ኮሚሽን ቁጥጥር ለመዳን ብለው ለኒው ጀርሲ ግዛት ሴኔት ነገሩ ትዕይንት እንጂ ውድድር እንዳልሆነ ራሳቸው አስረድተዋል። ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ ተወስኗል። ወለሉ ግን ብረት ላይ የተነጠፈ ጣውላና ስስ ፍራሽ ነው፤ ሰውየውም ሲወድቅ ወድቋል።

እናም ከኅዳር አጋማሽ ጀምሮ አርብ ዘጠኝ ሰዓት፣ መብራት ካለ፣ በአይሲቲ ክፍሉ ፕሮጀክተር ማየት ጀመርን። ደንቡ አንድ ነው፦ ማን አሸነፈ አይባልም፤ ማን ወደቀ፣ እንዴት ወደቀ ነው የሚባለው።

የመጀመሪያው ፍላሽ ላይ የነበረው እ.ኤ.አ. ማርች 29 ቀን 1987 ሚሺጋን ውስጥ በፖንቲያክ ሲልቨርዶም የተደረገው ሦስተኛው ሬስልማኒያ፣ የድርጅቱ ትልቁ ዓመታዊ ትዕይንት፣ ነው። ያን ቀን ሕዝቡ የመጣው ሀልክ ሆጋን አንድሬ ዘ ጃያንትን ሲያነሳ ለማየት ነበር። አዘጋጆቹ 93,173 ሰው ገባ ይላሉ፤ ቁጥሩ ተጋኗል የሚሉም አሉ። ልጆቹም የጠየቁኝ እሱን ነበር። አሳየኋቸው፤ ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ማዛጋት ጀመሩ። አልፈርድባቸውም፣ ውጊያው ቀርፋፋ ነው። አንድሬ ጀርባውን ቀዶ ጥገና ተደርጎለት፣ ከልብሱ ሥር መደገፊያ ታጥቆ ነው የገባው፤ መራመዱም ያስታውቅበታል። ሆጋን ከፍ አድርጎ ሲጥለው ግን ምስሉን አቆምኩትና «አሁን ማን ነው እየሠራ ያለው?» አልኳቸው። «ሆጋን» አሉ በአንድ ድምፅ። ከሁለት መቶ ኪሎ በላይ የሚመዝን ሰው ካልፈቀደ ማን ያነሳዋል? ያን ቀን ሆጋንን ሆጋን ያደረገው፣ ጀርባው እያመመው «አንሳኝ» ያለው ሰው ነው። ክፍሉ ትንሽ ጸጥ አለ።

እዚያው መድረክ ላይ፣ ከዚያ በፊት፣ ራንዲ ሳቬጅና ሪኪ ስቲምቦት ገጥመው ነበር። ለኔ የዕለቱ ንጉሥ ይኼኛው ነው፤ እስከዛሬም ብዙ አልተበለጠም። ታሪኩ ሕፃን ይገባዋል፦ ሳቬጅ ከወራት በፊት የስቲምቦትን ጉሮሮ በሪንጉ ደወል ቀጥቅጦታል፤ ስቲምቦት ሊበቀል መጥቷል። ከአሥራ አራት ደቂቃ ጥቂት ቢያልፍ ነው። ሳቬጅ ነገር ሁሉ አስቀድሞ ተጽፎ ካላለቀ እንቅልፍ የማይወስደው ዓይነት ሰው ስለነበር፣ ሁለቱ እያንዳንዱን እንቅስቃሴ ቁጥር ሰጥተው ጽፈው፣ እንደ ፈተና ተማሪ እየተጠያየቁ ነው ያጠኑት። የኔ ተዋንያን ይህን ሲሰሙ ደነገጡ፤ ቃለ ተውኔት አጥኑ ስላቸው ሦስት ሳምንት የሚፈጅባቸው ልጆች ናቸው። ትከሻው ወለል ነክቶ ሦስት የተቆጠረበት ይሸነፋል፤ ጸሐፊያችን ዳኛው ሁለት ቆጥሮ ሦስት ሳይል የቀረበትን ጊዜ ልትቆጥር ጀምራ የሁለት እጆቿ ጣቶች አለቁባት።

ሳቬጅን እዩት አልኳቸው። ስቲምቦት ክንዱን ይዞ ሲወረውረው እንደ ቅጠል ይበራል፤ ተነስቶ ሦስት እርምጃ ይንገዳገዳል፤ ዓይኑ ገመዱን ይፈልጋል። ተሸናፊው እሱ ነው፤ ስቲምቦትን ያገነነውም እሱ ነው። መውደቅ ያቃተው ልጃችን ይህን ቦታ አራት ጊዜ አስደገመኝ።

ጥር ላይ ችግር ገጠመን። እኔ በሌለሁበት ሁለት አባላት ከመማሪያ ክፍል ዴስክ ላይ «እንሞክረው» ብለው ዘለሉ፤ አንዱ የእጁ አንጓ ተወለመ። ዩኒት ሊደሩ ጠሩኝ። አባቱም መጡ፤ ቁጡ ሰው ይሆናሉ ብዬ ስጠብቅ ረጋ ብለው «መምህር፣ እኔ ልጄን የላክሁት ድራማ ይማራል ብዬ ነው» አሉኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። ጥፋቱ የኔ ነው፤ እነዚያ ሰዎች በዓመታት ልምምድ የሚያደርጉትን ያለ ማስጠንቀቂያ አሳየሁ። ለሦስት ሳምንት ፕሮጀክተሩ ተዘጋ። ሲከፈት አዲስ ደንብ ይዘን መጣን፦ ከቆሙበት መሬት ከፍ ብሎ መውደቅ የለም። ፍራሽ ደግሞ ግዴታ ነው፤ ፍራሹን ያዋሱን የሌሊት ጥበቃው ጋሼ ናቸው።

በዚያ ስሜት ሆኜ የሚክ ፎሊን ነገር ላሳያቸው አልፈለግሁም። አስቀድመው በስልካቸው አይተውት ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1998 ፒትስበርግ ውስጥ አንደርቴከር ከአምስት ሜትር ገደማ ከፍታ፣ ሪንጉን ከከበበው የብረት ጎጆ አናት ላይ፣ የወረወረው ሰውዬ ማለት ነው። ወንዶቹ «ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው» ብለው ተሟገቱ። አልቀበልም። የመጀመሪያው አወዳደቅ የታሰበበት ነው፤ በዚያው ግጥሚያ የነበረው ሁለተኛው ግን የጎጆው ጣሪያ ተቀድዶ የደረሰ አደጋ ነው። ሰውየውን አከብረዋለሁ፤ ነገር ግን አደጋ ትወና አይደለም። በዚህ አልተስማማንም፣ እስከ ሰኔም አልተስማማን።

ይልቅ ዓመቱን ሙሉ ስንመላለስበት የነበረው ብሬት ሃርት ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ለንደን ዌምብሌይ ስታዲየም ከእህቱ ባል ከዴቪ ቦይ ስሚዝ ጋር የገጠመውን ሳሳያቸው መጀመሪያ ምንም አልነገርኳቸውም። «እንዴት ነበር?» ስል «ስሚዝ አሪፍ ነው» አሉ። ከዚያ ብሬት ኋላ ያወራውን ነገርኳቸው፦ ስሚዝ ገና ሲጀመር ድካም ጥሎት የተጠናውን ሁሉ ረስቷል፤ ብሬት እያንዳንዷን እንቅስቃሴ በጆሮው እያንሾካሾከ፣ እየተመታ፣ እየወደቀ፣ መጨረሻም እየተሸነፈ አብሮት ጨርሷል። መልሰን አየነው። አሁን ሁሉም የብሬትን አፍ ነው የሚያየው። አንዷ ልጅ «ቲቸር፣ ባለፈው እኔ ስረሳ ማንም አላንሾካሾከልኝም» አለች፤ ጓደኞቿን ገልመጥ አድርጋ። እውነቷን ነው።

ከእ.ኤ.አ. 1997ቱ የብሬትና የስቲቭ ኦስተን ፍልሚያ ጋር ደግሞ አንድ ሙሉ ወር ኖርን። ቺካጎ አጠገብ ሮዝሞንት፣ አሥራ ሦስተኛው ሬስልማኒያ፣ እጅ እስኪሰጥ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ዳኛው ኬን ሻምሮክ። ሲገቡ ብሬት ጥሩው፣ ኦስተን ክፉው ነው። ሲወጡ ተገልብጧል። እንዴት? የኦስተን ፊት በደም ተሸፍኗል፣ ጥርሱ ሳይቀር ቀልቷል፤ ብሬት እግሮቹን ቆላልፎ ይዞታል። ኦስተን በእጁ ወለሉን ይገፋል፣ ሊያመልጥ ጥቂት ሲቀረው ይመለሳል። እጅ አልሰጥም ይላል፤ አልሰጠምም፣ ራሱን ሳተ እንጂ። ብሬት ከደወሉ በኋላ መምታቱን ሲቀጥል ሕዝቡ ከዳው። ኦስተን ተነስቶ ደጋፊ አልፈልግም ብሎ እያነከሰ ወጣ። ንግግር የለም፣ ማብራሪያ የለም፤ የብዙ ሺህ ሰው ልብ በሃያ ምናምን ደቂቃ ከአንዱ ወደ ሌላው ተሻገረ። ተውኔት አስተማሪ ነኝ፤ እንዲህ ያለ የገጸ ባሕርይ ለውጥ በጽሑፍ ስንት ገቢር እንደሚፈጅ አውቃለሁ። እንግዲህ ደረጃ ስጥ ካላችሁኝ አንደኛው ይህ ነው፤ ሳቬጅና ስቲምቦት ሁለተኛ። የሾን ማይክልስንና የአንደርቴከርን የእ.ኤ.አ. 2009ኙን ሂውስተን ሦስተኛ አደርገዋለሁ፤ አንደርቴከር ከገመዱ በላይ ተወርውሮ የሚይዘው አጥቶ በአንገቱ ሲያርፍ እስከዛሬ ዓይኔን እጨፍናለሁ።

የካቲት 23፣ የዓድዋ ዕለት፣ ገና ሳይነጋ ስልኬ መንጫረር ጀመረ። የክበቡ የቴሌግራም ግሩፕ ነው። «ቲቸር ጆን ሲና!!!» ቶሮንቶ ላይ ጆን ሲና ኮዲ ሮድስን አቅፎት፣ በትከሻው ላይ አሻግሮ ዘ ሮክን አየ፤ ዘ ሮክ ጣቱን በአንገቱ ላይ አሳለፈ፤ የሲና ፊት ድንጋይ ሆነ፣ ኮዲንም ከወገቡ በታች መታው። ከሃያ ዓመት በላይ ጥሩው ሰው የነበረ፣ ከ650 በላይ የታመሙ ሕፃናትን ምኞት የፈጸመ ሰው ነው። ማክሰኞ ስንገናኝ አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ እውነተኛ ሐዘን ላይ ነበር። እኛ ቪዲዮ ቤት «አክተር አይሞትም» እንል ነበር፤ አክተር ይከፋል ብሎ ግን ማን ያስባል? ያቺ የፊት መለወጥ ለኔ የዓመቱ ምርጥ ትወና ናት። ከዚያ በኋላ የመጣው አይመጥናትም። በፋሲካ ማግስት ማለዳ ላስ ቬጋስ ላይ ሲና አሥራ ሰባተኛ የሻምፒዮንነት ዘውዱን ሲወስድ ልጆቹ የበዓሉን ዶሮ ትተው አዩት፤ አሰልቺ ነበር። አጀማመሩን አይቶ ተስፋ ላደረገ ሰው ያናድዳል።

ሴቶቹ አባላት ሚያዝያ ላይ አመፁ። «ሁሉም ወንድ ነው» አሉ፤ ልክ ናቸው፣ የኔ ዘመን ጉድለት ነው። ራሳቸው ይዘው የመጡት የሳሻ ባንክስንና የቤይሊን የእ.ኤ.አ. 2015 የሠላሳ ደቂቃ ግጥሚያ ነው። መሃል ላይ ሳሻ ወጥታ ቤይሊን የምትደግፍ ትንሽ ልጅ ራስ ማሰሪያ ትቀማለች፤ ሕፃኗ ታለቅሳለች፣ ሳሻ እያላገጠች ታለቃቅስባታለች። ጸሐፊያችን አስቁማ «ከዚህ የባሰ ክፉ አሳዩኝ» አለች። የለም። ደም የለበትም፣ ዴስክ የለበትም፤ አንድ ጨርቅ ብቻ። በሁለተኛው ተውኔታችን እንጀራ እናት ሆና የተጫወተችው እሷ ናት፤ የእንጀራ ልጇን ደብተር እንዴት አድርጋ በሁለት ጣት እንዳነሳች ያየ ያውቃል።

ስለ ኮፊ ኪንግስተን ሳልጽፍ ብቀር የ11ኛ ክፍሉ አባላችን አይምረኝም። ጋና ኩማሲ የተወለደው ኮፊ አሥራ አንድ ዓመት ከታች ሲሠራ ኖሮ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 7 ቀን 2019 ዳንኤል ብራያንን ጥሎ ትልቁን የሻምፒዮና ቀበቶ ወሰደ፤ አፍሪካ ተወልዶ ይህን ያገኘ የመጀመሪያው እሱ ነው። አባላችን ይህን ሲያቀርብ ድምፁ ተሰበረ። ያ ሁሉ ሆኖ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ብሮክ ሌስነር አሥር ሴኮንድ ሳይሞላ ነጠቀው። መሸነፍ ምንም አይደለም፤ እንዲወድቅ እንኳ ጊዜ አልሰጡትም። እኔም አብሬ ተናደድኩ።

ከጃፓን ያየነው የኦካዳንና የኬኒ ኦሜጋን የእ.ኤ.አ. 2017 የቶኪዮ ዶም ግጥሚያ ብቻ ነው። 46 ደቂቃ ከ45 ሴኮንድ ይፈጃል፤ የኛ ክፍለ ጊዜ ደግሞ አርባ ደቂቃ ነው። ደወል ተደወለ፣ ሰርቪስ አለባቸው፣ ሄዱ። መጨረሻውን በየስልካቸው ነው የጨረሱት።

ሰኔ ላይ የወላጆች በዓል ደረሰ። የኅዳሩን ተውኔት መልሰን አቀረብነው። ጥፊው ሲመጣ ልጁ ወለሉን አላየም። አገጩ ዞረ፣ አንድ እርምጃ ተንገዳገደ፣ እጁ የሌለ ገመድ ፈለገ፣ ከዚያ በጀርባው ሙሉ ተዘረጋ፤ አዳራሹ ጧ አለ። ከፊት የተቀመጡ አንዲት እናት «ውይ! ገደለው!» ብለው ከወንበራቸው ተነሱ። አባት ሆኖ የሚጫወተው ልጅ ደንግጦ የሚቀጥለውን ቃል ረሳ። የወደቀው፣ ከንፈሩ ሳይንቀሳቀስ ማለት ይቻላል፣ ከመሬት አንሾካሾከለት።

ክበቡ በ14 አባላት ጀምሮ በ23 ጨርሷል፤ አንጓው የተወለመው ልጅም ተመልሷል። የጋሼ ፍራሽ ጥጉ ላይ ስለተቀደደ ሰፍተን መልሰናል። ለ2018 የራሳችን ፍራሽ እንዲገዛልን በዕቅዱ ላይ ጽፌአለሁ፤ በዚህኛው ላይ «ሬስሊንግ» የሚል ቃልም አለ።