ዓይንሽን አውሺኝ

እንዴት ነሽ ወዳጄ?

ጠፋሁብሽ፣ ይቅርታ። ሰበብ ብደረድርም አታምኚኝም። ቁጣሽን ስንገናኝ ታወርጂብኛለሽ፤ አሁን ግን አንድ ነገር ቸግሮኛል።

ጌም እየሠራሁ ነው። አትሳቂ! ሦስተኛው ሌቭል ላይ ግድግዳው ውስጥ በር አለ። ያስሞከርኳቸው ሁሉ አጠገቡ እየሮጡ ያልፋሉ። ቀለሙን ቀየርኩ፣ መብራት ሰቀልኩበት፤ ወይ ፍንክች! አንዱማ ፊት ለፊቱ ቆሞ ሲተኩስ ቆየና "የቱ በር?" አለኝ።

ያኔ ትዝ አልሽኝ። እኔ ነጥብ ልለቅም ስጣደፍ፣ አንቺ ጥጋጥጉን ስትዞሪ። እንዴት ታናድጂኝ እንደነበር! ለካ አንድ ስክሪን ላይ አፍጥጠን የምናየው ለየብቻ ነበር።

ሪቻርድ ባርትል የሚባል ሰው፣ እንደ ፈረንጆቹ በ1996፣ ተጫዋቾችን አራት ቦታ ከፍሏቸዋል፦ ነጥብና ደረጃ አሳዳጅ፣ አሳሽ፣ ከሰው ጋር ለመጫወት የሚመጣ፣ ሌላውን ካላጠቃ የማይረካ። አንቺ አሳሽ ነሽ፣ ክርክር የለውም። የሚገርመው ግን ክፍፍሉ የመጣው ምስል ከሌላቸው፣ በጽሑፍ ብቻ ከሚጫወቷቸው ጌሞች ነው። ስለ ፍላጎት እንጂ ስለ ዓይን አልነበረም። ግን ዓይንስ ፍላጎትን ተከትሎ አይደል የሚሄደው?

በ2003 ደግሞ ግሪንና ባቬሊየር የተባሉ ተመራማሪዎች፣ የአክሽን ጌም ተጫዋቾች ዳር ላይ ብልጭ የሚልን ነገር ከማይጫወቱት የተሻለ እንደሚይዙ አሳዩ። የማይጫወቱትንም ለ10 ቀን፣ በቀን አንድ ሰዓት የተኩስ ጌም አጫወቷቸው፤ ቴትሪስን (የሚወርዱ ቁርጥራጮችን መደርደሪያውን ጌም) ከተጫወቱት በለጡ። (በኋላ ሌሎች ከ20 ሰዓት በላይ አሠልጥነው ያን ያህል ለውጥ አላገኙም፤ ስለዚህ ብዙ አትመኪበት።) ታዲያ የእኔዎቹ ተኳሾች ምን ነካቸው? እዚያ ሙከራ ላይ ምን መፈለግ እንዳለባቸው ተነግሯቸዋል። የእኔን በር ፈልጉ ያላቸው ግን የለም። ጠላት የሚጠብቅ ሰው ጠላት ነው የሚታየው።

ቀስት ላድርግበት? ቀስት ካደረግኩ እንዳንቺ ያለው ሰው ምን ሊያገኝ ነው? እዚህ ላይ ነው እንቅልፍ ያጣሁት።

እና... እንዴት ልበልሽ፣ ከዚህ ሁሉ ጊዜ በኋላ ለሥራ መምጣቴ ራሴንም ያሳፍረኛል። ብቻ ተጫወቺልኝ። ስክሪኑን ቅጂና ላኪልኝ፤ የት ቆም እንዳልሽ፣ ካሜራውን ወዴት እንዳዞርሽ ማየት እፈልጋለሁ። ሦስተኛው ላይ አትጠቅሚኝም፣ ስለ በሩ ነግሬሻለሁ። አምስተኛው ላይ ግን ሌላ ነገር ደብቄያለሁ። እሱን ብትለምኚኝም አልነግርሽም።

ፋይሉን ልላክልሽ?