የአይሲቲ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ የጠቆረ ስክሪን ሁሉ አልሞተም

ንብረት ክፍል መደርደሪያ ላይ የተደረደሩትን ላፕቶፖች የማያውቅ የትምህርት ቤታችን ሰው የለም። አብዛኞቹ ላይ "ስክሪኑ ሄዷል" የሚል ወረቀት ተለጥፏል። የአይሲቲ ክበባችን ዘንድሮ የሠራው እነሱን መመርመር ነው።

"ልጆች ንብረት ያበላሻሉ" የሚል አስተያየት ደርሶናል። ስለዚህ አሠራራችንን ልንገራችሁ። ልጆቹ ካቻቢቴ ከማንሳታቸው በፊት ከውጭ ይመረምራሉ። መጀመሪያ ላፕቶፑን ከሌላ ሞኒተር ጋር ያገናኙታል። ሞኒተሩ ላይ ምስሉ ጥርት ብሎ ከወጣ ችግሩ በአብዛኛው ስክሪኑ ወይም ወደ ስክሪኑ የሚሄደው ኬብል ነው። ላፕቶፑ ስክሪን ላይ የሚታየው መስመር ሞኒተሩም ላይ ከታየ ግን ስክሪን መግዛት ብር መጣል ነው። ቀጥሎ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የኮምፒውተሩ ማስተካከያ) ውስጥ ይገባሉ። መስመሩ እዚያም ካለ ዊንዶውስ እንደገና መጫን አይፈታውም። ክዳኑን ቀስ አድርገው ከፍ ዝቅ ያደርጋሉ። ምስሉ ብልጭ ድርግም ካለ ማጠፊያው ጋ ያለው ኬብል ይጠረጠራል። ብዙ ዴል ላፕቶፖች ደግሞ የ"ዲ" ቁልፍ ተጭኖ ሲበሩ ስክሪኑን በቀለማት እያፈራረቁ ራሳቸው ይፈትሻሉ። መክፈት የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ያውም ቻርጀሩም ባትሪውም ተነቅሎ።

መስከረም ላይ አባላት መዘገብን፣ ከዚያ በየሳምንቱ ተገናኘን፣ በወላጆች ቀን ሥራችንን አሳየን። ስለ አንዱ ጉዞ ግን ሰፋ አድርጌ መጻፍ እፈልጋለሁ።

በመንፈቅ ዓመቱ እረፍት መገናኛ አካባቢ ያለ አንድ ጥገና ቤት ሄድን። የሪከርድ ክፍሉን ላፕቶፕ ይዘን ነበር። ቀደም ሲል ሌላ ቦታ ታይቶ "ማዘርቦርዱ (ዋናው ሰሌዳ) ተቃጥሏል" ተብሎ የተመለሰ ነው። ባለሙያው ጠረጴዛውን ለልጆቹ ለቀቀላቸው። "እስቲ እናንተ ንገሩኝ፣ ምን ሆኗል?" አላቸው።

ላፕቶፑ ሲበራ ፋኑ ይሰማል። ስክሪኑ ጥቁር ነው። ወንዶቹ ተሻሙ። አንዱ ራም ነው አለ፣ ሌላው ቻርጀር። ዓመቱን ሙሉ ከኋላ ተቀምጣ ማስታወሻ የምትይዝ፣ ብዙም የማትናገር የ10ኛ ክፍል ተማሪ አለችን። "መብራቱን ታጠፉልኛላችሁ?" አለች። ክፍሉ ጨለመ። የስልኳን መብራት በጎን በኩል ወደ ስክሪኑ አስጠጋች፣ ጎንበስ ብላም አየች።

"ቲቸር፣ አለ! ሰዓቱ ይታያል!"

ሁላችንም ተጠጋን። ሰዓቱና ቀኑ ደብዘዝ ብለው ይነበባሉ። ማዘርቦርዱ ምስል እየላከ ነው ማለት ነው። የጠፋው ስክሪኑን ከኋላ የሚያበራው መብራት ብቻ ነው። ባለሙያው ክዳኑን ሲፈታው ማጠፊያው ሥር ኬብሉ ተላልጦ ተገኘ። ኬብሉ ተቀየረና በራ። ጭብጨባው ጎረቤት ሱቅ ድረስ ተሰማ። ባለሙያውም ከራሱ ዕቃ መሐል ትንሽ ካቻቢቴ አንስቶ ሰጣት። "በርቺ የኔ እህት፣ ይሄ ያንቺ ነው" አላት። እንባዬ መጣ። ዛሬ የተማሪዎች ትራንስክሪፕት የሚሠራው በዚያ "በሞተው" ላፕቶፕ ነው።

ሁሉም አልተሳካም። ፓኔላቸው (ምስል የሚያሳየው የስክሪኑ ክፍል) የተሰነጠቀ ላፕቶፖች አሁንም መደርደሪያው ላይ ናቸው፤ የተሰነጠቀ ፓኔል ይቀየራል እንጂ አይጠገንም። መብራት እየጠፋ የተበተነ ስብሰባም አለ። ለፍተሻ የምንጠቀምበት አንድ ሞኒተር ደግሞ በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ለቢሮ ተወስዶ እስካሁን አልተመለሰም። በፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርት የሚሰጥበትን ዘመን ያየን መምህራን፣ የሚጠግን ሰው ያጣ ስክሪን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሲቀር ምን እንደሚመስል እናውቃለን።

የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2016 ዓ.ም በኮምፒውተርም መሰጠት ጀምሯል። ልጆቻችን የሚለማመዱበት የሚሠራ ላፕቶፕ ያስፈልጋቸዋል። የወላጅ መምህር ኅብረትን (ወመህን) እና የቀድሞ ተማሪዎቻችንን የምንጠይቀው ብዙ አይደለም፦ ያገለገለ ሞኒተር ከነኬብሉ፣ አንድ መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ)፣ የትንንሽ ካቻቢቴ ስብስብ።

ስክሪን ልትለግሱን የምታስቡ ግን ከመግዛታችሁ በፊት እባካችሁ ጠይቁን። መጠኑ ስለተመሳሰለ ብቻ አይገጥምም። ከፓኔሉ ጀርባ ያለው የሞዴል ቁጥር መታየት አለበት፣ ማገናኛውም ባለ 30 ፒን ይሁን ባለ 40 መለየት አለበት። የእያንዳንዱን ላፕቶፕ ዝርዝር ልጆቹ ጽፈው አይሲቲ ላቡ በር ላይ ለጥፈውታል።